ሰናፍጩ ቀሚስ ለምን የታመምኩ አስመሰለኝ?

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ ነው። ሚዜዎቹ ተስማምተን ሰናፍጭ ቢጫ ጨርቅ ገዝተናል። እኔ ጠይም ነኝ፤ ጨርቁን አንገቴ ሥር ሳደርገው ግን የታመምኩ እመስላለሁ። ስልኬ ላይ የጫንኩት፣ ሰውን በመልኩ ቀለም በአራቱ ወቅቶች ስም የሚመድብ መተግበሪያ ‹ኦተም ነሽ፣ ሰናፍጭ ያምርብሻል› አለኝ። የእጄ ደም ሥርም አረንጓዴ ስለሆነ ሞቃት ቀለም ነው የሚሄድልሽ ተብያለሁ። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ስለብስ ደግሞ ፎቶ ላይ ፊቴ ይጠቁራል። አንዷ ጓደኛዬ እስከ ሠርጉ ማቅያ ክሬም ተቀቢ እያለችኝ ነው። ቁርጡን ንገሩኝ፣ የትኛው ቀለም ነው የኔ?»

ከክሬሙ እንጀምር። አትቀቢው። በየሱቁ ከሚሸጡት ማቅያዎች መካከል ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ስታቆሚው ደግሞ ፊት ይቆጣል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በሳሳ ቆዳ የጥር ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ስትቆሚ ማድያት ታተርፊያለሽ፣ ፊትሽና አንገትሽም ሁለት ዓይነት ይሆናሉ። ያኔ ምንም ዓይነት ጨርቅ አያስታርቃቸውም።

አሁን ወደ ቀለሙ። ያንቺ ዓይን ልክ ነው፣ የተሳሳተው መተግበሪያው ነው። ሰናፍጭ ቢጫ ያጠወለገሽ በሦስት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ነጸብራቅ ነው። አንገት ሥር ያለ ጨርቅ ብርሃን ተቀብሎ ወደ ላይ ይመልሳል፤ የሚመልሰውም የራሱን ቀለም ይዞ ነው። ብርሃኑ የሚያርፈው አገጭሽ ሥር፣ መንጋጋሽ ጠርዝ ላይና ከዓይንሽ በታች ነው። ጠይም ቆዳ በተፈጥሮው ቢጫ አለበት፤ በላዩ ላይ ሌላ ቢጫ ሲጨመርበት ከታች ያለው የፊት ክፍል የወባ በሽተኛ ይመስላል።

ሁለተኛው የዓይን ጉዳይ ነው። ዓይናችን ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ሲያይ ልዩነታቸውን ያጋንናል። ይህን በደንብ አጥንቶ የጻፈው ሚሼል ኤዥን ሼቭሮል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ፓሪስ ውስጥ በጎብላን የሽመና ተቋም የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ነበር፤ ደንበኞች ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው፣ ቀለም አይዝም እያሉ ያማርሩ ነበር። ሰውየው ሲመረምረው ክሩ ምንም አልሆነም። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ሥራ ላይ ይኸው ነገር በልብስና በፊት ቀለም መካከልም እንደሚሠራ አስረድቷል። ወዳንቺ ስናመጣው፣ ደማቅ ቢጫ ሲጠጋው የቀረው የፊትሽ ክፍል ወደ ግራጫ የሄደ ይመስላል። ከታች ቢጫ፣ ከላይ ዳለቻ። የታመመ ሰው ፊትም እንዲሁ ነው የሚታየን።

ሦስተኛው፣ ለኔ ዋናው፣ የጥልቀት ጉዳይ ነው። ያ ሰናፍጭ ጨርቅና ያንቺ ጠይም ቆዳ በብርሃንና በጨለማ መጠናቸው ይቀራረባሉ። ፎቶሽን ስልክሽ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪውና እዪ፤ ፊትሽና ቀሚሱ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ፣ መንጋጋሽ የት ላይ አልቆ ጨርቁ የት እንደጀመረ አይለይም። ፊትሽ ከጨርቁ ካልተለየ ዓይን የሚያርፍበት ያጣና መጀመሪያ የሚያየው ጥላውን ነው፤ የዓይንሽን ሥርና የአፍንጫሽን ግራና ቀኝ።

የደም ሥሩን ነገር እርሺው። ደም ሥር ሰማያዊ የሚመስለን ብርሃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ በሚሆነው ነገርና በአካባቢው ቆዳ ቀለም ምክንያት ነው። ያንን ሰማያዊ በቡናማና በቢጫማ ቆዳ በኩል ስታዪው አረንጓዴ ይሆናል። እንግዲህ ጎጃም ውስጥ ካሉ ጠይም ሰዎች የብዙዎቹ ደም ሥር አረንጓዴ መስሎ ይታያል። ሁሉንም አንድ መልስ የሚሰጥ ፈተና ምኑን ፈተና ሆነ? ወርቅና ብር ፊት ላይ አስጠግቶ ማየት ከዚህ ይሻላል፤ እሱም ግን መብራቱ ሲቀየር ውጤቱ አብሮ ይቀየራል፣ እንደ ፍንጭ ብቻ ያዢው።

ኦተም፣ ዊንተር፣ ሰመር፣ ስፕሪንግ የሚባለው ክፍፍል የመጣው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ነው። ባውሃውስ በተባለው የጀርመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው የስዊስ ሠዓሊ ዮሃንስ ኢተን፣ ተማሪዎቹ ሳያስቡት ከራሳቸው የፊትና የፀጉር ቀለም ጋር የሚሄድ ቀለም እንደሚመርጡ አስተዋለ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሐሳቡን ወደ ልብስና ወደ ሜካፕ አመጡት። ክፍፍሉ የቆመው በሦስት እግር ነው፦ በቆዳ፣ በፀጉርና በዓይን። እነሱ ጋ ፀጉር ወርቃማም ቀይም ቡናማም ነው፣ ዓይንም ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ይሆናል። እኛ ጋ የሁሉም ሰው ፀጉር ጥቁር፣ የሁሉም ዓይን ጥቁር ቡናማ ነው ማለት ይቻላል። ከሦስቱ እግር ሁለቱ እኛን እርስ በርስ አይለዩንም። መተግበሪያው ያለው አማራጭ ኦተም ወይም ዊንተር ማለት ነው፣ አለሽ።

በዚያ ላይ መተግበሪያው የሚያየው አንቺን ሳይሆን ፎቶሽን ነው። የስልክ ካሜራ ከፊቱ ያለውን ቀለም እያየ በራሱ ያስተካክላል፤ ቢጫ ሻሽ ለብሰሽ ከተነሳሽ ቢጫውን ለማርገብ ብሎ ሰማያዊ ሊጨምርብሽ ይችላል። ማታ በቢጫ አምፖል አንሺና ጠዋት ደጅ ላይ አንሺ፣ ሁለት የተለያየ መልስ ሊሰጥሽ ይችላል። ማስዋቢያ ፊልተር ካለበትማ ጭራሽ ሌላ ሰው ነው የሚመረምረው።

ታዲያ ምን ይታያል? ቀለም ሦስት ነገር አለው፦ ጥልቀቱ (ፈዘዝ ያለ ነው ጠቆር ያለ)፣ ጥራቱ (ንጹሕ ደማቅ ነው አመድ የነካው)፣ ሙቀቱ (ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል ወይስ ወደ ሰማያዊ)። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ሦስተኛው ነው። እኛ ሰዎች ላይ ልዩነት የሚያመጣው ግን በመጀመሪያ ጥልቀቱ፣ ቀጥሎ ጥራቱ ነው፣ ሙቀቱ መጨረሻ ይመጣል። ጠይም ፊት መሐል ላይ ያለ ጥልቀት አለው። ስለዚህ መሐል ላይ ያለ ቀለም ይውጠዋል፦ ሰናፍጭ፣ ካኪ፣ የግመል ቀለም፣ አመድማ ቡናማ፣ የደረቀ ሣር አረንጓዴ። ከፊትሽ በግልጽ የጠቆረ ወይም በግልጽ የፈዘዘ ምረጪ፣ ቀለሙም ንጹሕ ይሁን። ወይን ጠጅ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ክሬም፣ የጠራ ሮዝ። ቀይ ዳማ የሆነች እህት ካለችሽ እሷ ሰናፍጩን ልትሸከመው ትችላለች፤ ፊቷ ከጨርቁ ስለሚፈዝ ይለያል። ጥቁር ቆዳ ያላት ደግሞ ይበልጥ ታምርበታለች፣ አደይ አበባ የመሰለ ጥርት ያለ ቢጫም ቢሆን ያበራላታል። «ጥቁር ሰው ደማቅ አይልበስ» የሚለው አባባል ምንም መሠረት የለውም፤ ደማቅ ቀለምን ከሁሉም በላይ የሚሸከመው ጥቁር ቆዳ ነው። እሱን የሚያደክመው አመድ የነካ ግራጫና ቆዳውን የመሰለ ቡናማ ነው።

ስለ ነጩ። ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ይህን ሸማኔ ያውቃል። እንደተፈተለ ያለ ጥጥ ክሬም ነው፣ ትንሽ ቢጫ አለበት። በፋብሪካ የነጣ ክርና በዱቄት ሳሙና በተደጋጋሚ የታጠበ ነጠላ ግን ብዙ ጊዜ አድማቂ ኬሚካል አለበት፤ ይህ ኬሚካል የማይታየውን አልትራቫዮሌት ይቀበልና ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ለዚህ ነው አዲስ ነጭ ሸሚዝ ፀሐይ ላይ ዓይን የሚወጋው። እኛ ደጋ ላይ ነን፣ ጨረሩ ብዙ ነው፣ ነጩም ያንኑ ያህል ያንጸባርቃል። ከጠይም ፊት ጎን ሲቆም ልዩነቱ ይበዛና ፊትሽ ካለው በላይ የጠቆረ ይመስላል። ካሜራው ደግሞ ነጩ እንዳይቃጠልበት ብሎ ፎቶውን በሙሉ ያጨልመዋል፣ አብሮ የሚጨልመው ፊትሽ ነው። መፍትሔው ነጭ መተው አይደለም። ያልነጣ ፈትል ልበሺ፣ አንገቱ ዙሪያ ጠቆር ያለ ጥበብ ይኑረው፣ ፎቶ ስትነሺ ደግሞ የስልኩ ስክሪን ላይ ፊትሽን ነክተሽ ብርሃኑን በፊትሽ ልክ አስተካክይ። እናቶቻችን ክሬም ፈትል ላይ ደማቅ ጥልፍ አንገት ዙሪያ ሲያስደርጉ ይኖሩ የነበረው እኮ በከንቱ አይደለም። ጥልፉ በነጩና በፊት መሐል ይገባና ሁለቱን ያስማማል።

አሁን ራስሽ ፈትሺው፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ከምገምተው ያ ይበልጣል። ምንም አትግዢ። ከቤትና ከጎረቤት ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሻርፕ፣ ሹራብ፣ የተገኘውን ተዋሺ። ወይን ጠጅ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ ሮዝ፣ አንድ ክሬም ፈትልና አንድ የነጣ ነጭ ይኑሩበት፤ ያንን ሰናፍጭም ጨምሪ። ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ደጅ ውጪ፣ ጥላ ሥር ግን ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቁሚ። ቀጥታ ፀሐይ አይሁን። የምትቆሚበትን ግድግዳ ተመልከቺ፤ ብዙ ቤቶቻችን አረንጓዴ ወይም ውኃ ሰማያዊ የተቀቡ ናቸው፣ ግድግዳው ራሱ ቀለሙን ፊትሽ ላይ ይረጫል። ነጭ ወይም ግራጫ ግድግዳ ከሌለ አንሶላ ስቀዪ። ሜካፕ የለ፣ ፀጉርሽ ወደ ኋላ ይታሰር፣ ሂና የነካው ከሆነ በነጭ ጨርቅ ሸፍኚው። የለበስሽውንም ከትከሻሽ ጀምሮ በአንሶላ ሸፍኚ።

ከዚያ ሁለት ሁለት እያደረግሽ አወዳድሪ። አንዱን አንገትሽ ሥር አስጠጊ፣ አውጪው፣ ሌላውን አስጠጊ። ጨርቁን አትዪው። ዓይንሽ መስታወቱ ውስጥ ፊትሽ ላይ ይሁን፤ ከዓይን በታች ያለው ጥላ ጠቆረ ወይስ ቀለለ? የአገጭሽ መስመር ጎልቶ ወጣ ወይስ ከአንገትሽ ጋር ተቀላቀለ? ከንፈርሽ ደም አገኘ ወይስ ነጣ? የዓይንሽ ነጩ ክፍል ጠራ? የሚስማማ ቀለም ሲመጣ ፊት ቀድሞ ይታያል፣ ጨርቁ ከኋላ ይከተላል። በየመሐሉ ለትንሽ ጊዜ ነጩን አንሶላ እዪ። ቀይ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያፈጠጠ ዓይን ቀጥሎ የሚያየውን ሁሉ አረንጓዴ ያስነካዋልና የሚቀጥለውን ጨርቅ ያለ ጥፋቱ ትጥይዋለሽ። ሰው አጠገብሽ ካለ «ያምርብኛል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ እናት ሁሉ ያምርብሻል ነው የምትለው። «የዓይኔ ሥር የጠቆረው በየትኛው ነው?» በያት። ፎቶ የምታነሺ ከሆነ አገጭሽ አጠገብ አንድ ነጭ ወረቀት ያዢ። ወረቀቱ አንዱ ፎቶ ላይ ነጭ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ ከሆነ ካሜራው እየዋሸሽ ነው፣ ፎቶዎቹን አታወዳድሪ።

ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ ዳሱ። ቀሚስ የሚመረጠው ሱቅ ውስጥ ነጭ መብራት ሥር ነው፣ የሚለበሰው ግን ሸራ ሥር ነው። ሰማያዊ ፕላስቲክ ሸራ ከላይ ከተወጠረ የቀን ብርሃን በሱ አልፎ ስለሚገባ ሁሉም ሰው ላይ ሰማያዊ ያርፋል። ወይን ጠጅ ጥቁር ይሆናል፣ ቢጫ የቆሸሸ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጠይም ፊት አመድ ይመስላል። እዚያ ውስጥ የሚያድን ቀለም የለም፣ እውነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን አሁኑኑ ጠይቂ፤ የሚከራየው ድንኳን ምን ዓይነት ነው? ነጭ ከሆነ ችግር የለም። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ዋና ዋናዎቹን ፎቶዎች ከዳሱ ውጪ፣ የቤቱ ጥላ ሥር ተነሱ፣ የዳሱም አንድ ጎን ወደ ደጅ ክፍት ይሁን። ያማረ ቀሚስ ለብሰው ሰማያዊ ሸራ ሥር በተነሱት ፎቶ እያለቀሱ የሚመጡ ሙሽሮች አሉ፤ ልብሱ ላይ ምንም ጥፋት የለም።

እግረ መንገዴን ስለ እናቶች። እናትሽ ወይም አያትሽ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ካላቸው ለነሱ የሚመረጠው ጥበብ በዚያ ይወሰናል። ያረጀ ንቅሳት ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። አንገቱ ዙሪያ ቀይ ወይም ብርቱካን ክር ከመጣ ንቅሳቱ ደምቆ ይወጣል፤ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ክር ከመጣ ይረጋጋል። የትኛውን እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ጠይቂ። እኔ ደምቆ ሲታይ ደስ ይለኛል፣ ምርጫው ግን የነሱ ነው።

የቀለም አቅም የት ድረስ እንደሆነም ልንገርሽ። ጥሩ ቀለም ፊትን ያሳርፋል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው በመጠኑ ያረፈ ይመስላል። ያልተለካ ትከሻ አያስተካክልም፣ ከወገብ በታች ያለ ጨርቅም ለፊት ያን ያህል አይደለም። ከፊት በራቀ ቁጥር ነጸብራቁ ይጠፋል፤ እግርሽ ላይ የፈለግሽውን ልበሺ። የጨርቁ ዓይነትም ይቆጠራል፤ ሳቲንና ሳባ ክር ብርሃን አብዝተው ስለሚመልሱ ጥፋቱንም ልማቱንም ያጎላሉ፣ ከፋይ ግን ብርሃን ይውጣልና የሚያስቸግር ቀለም እንኳ በከፋይ ይለዝባል። ሙካሽ ክር አንገት ላይ ሲበዛ ደግሞ ፎቶ ላይ ነጭ ነጥብ ነጥብ እየሆነ ፊትን ያደበዝዛል፣ በልኩ ይሁን። አንድ ጥንቃቄም ልጨምር፤ በፈተንሽው ቀለም ሁሉ ፊትሽ ቢጫ ወይም የገረጣ ከሆነ፣ በተለይ የዓይንሽ ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ነገሩ የልብስ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታዪ።

ቁርጡ ይኸውልሽ። የተገዛውን ሰናፍጭ አትመልሱት፣ ከጓደኞችሽም ጋር አትጣዪ። ካንቺ ቀሚስ ላይ ግን ሰናፍጩ ከደረትሽ በላይ እንዳይወጣ አድርጊ። ከደረት እስከ አንገት ያለው ክሬም ፈትል ይሁን፣ የአንገቱ ዙሪያ አራት ጣት ስፋት ያለው ወይን ጠጅ ጥበብ ይግባበት። ጥቁር አረንጓዴም ይሄዳል፤ ከሁለቱ ምረጪ ብትዪኝ ግን ወይን ጠጁን ነው የምልሽ፣ ለከንፈርሽ ደም ይሰጠዋልና። ሌሎቹ ሚዜዎች ሰናፍጩን እስከ አንገታቸው መልበስ ከፈለጉ ይልበሱ፣ የአንገቱ ጥበብ ግን ለሁላችሁም ያው ወይን ጠጅ ከሆነ አንድ ላይ ስትቆሙ ተመሳስላችሁ ትታያላችሁ፣ የያንዳንዳችሁም ፊት ከጨርቁ ይለያል። ነጠላውም ያልነጣ ፈትል፣ ጥለቱ ያው ቀለም። ሽሩባሽን ወደ ኋላ አድርጊው። ጌጥ ወርቅማ ይሁን፣ ቀጭን።

ለሸማኔው ስታዢ የቀለሙን ስም ብቻ አትንገሪው፤ ያንቺ ወይን ጠጅና የሱ ወይን ጠጅ ላይገናኙ ይችላሉ። ክሩን ራሱ ይዘሽ ሂጂና ደጅ አውጥተሽ በቀን ብርሃን አገጭሽ ሥር አስጠግተሽ እዪው፣ ሱቅ ውስጥ መብራት ሥር አንድ የመሰሉ ሁለት ክሮች ደጅ ሲወጡ ይለያያሉ። ከመሸመኑ በፊት ደግሞ አንድ ክንድ ክር ቆርጠሽ በሞቀ ውኃ ከነጭ ጨርቅ ጋር እሺው። ወይን ጠጅ ቀለም ካልለቀቀ ይሸመን። ከለቀቀ ሌላ ክር ይምጣ፣ ክሬም ፈትል ላይ የደማ ወይን ጠጅ አይወጣምና። የጥር ሠርግ ሲቃረብ ሸማኔ ሁሉ ይጨናነቃል፣ ስለዚህ እስከ ኅዳር መጨረሻ ክሩ እጁ መግባት አለበት።